በፐብሜድ የፍለጋ ታሪክ መጠቀም

ለመመረቂያ ጽሑፍ የሕክምና ጥናቶች ማውጫ በሆነው በፐብሜድ (PubMed) ስትፈልጉ ቃላቱን ሁሉ በአንድ መስመር አትጠቅጥቁ። ውጤቱ ዜሮ ቢሆን የትኛው ቃል እንዳበላሸው አይታወቅም። ጽንሰ ሐሳቦቹን ለየብቻ ፈልጉ፤ ማጣመሩን ለፍለጋ ታሪኩ ተዉት።

ርዕሱ በኢትዮጵያ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚታይ ወባ ነው እንበል። መጀመሪያ የወባንና የተውሳኩን ስም በ«ኦር» (OR፣ አንዱ ወይም ሌላው ያለበት) አያይዛችሁ ፈልጉ፤ ቀጥሎ የእርግዝና ቃላትን፣ ከዚያ ኢትዮጵያን። ከመፈለጊያ ሳጥኑ ሥር «አድቫንስድ» የሚለውን ስትጫኑ ሦስቱም ከነተራ ቁጥራቸው፣ ከነውጤት ብዛታቸውና ከነሰዓታቸው ተደርድረዋል። እዚያው ሳጥን ውስጥ #1 ኤንድ #2 ኤንድ #3 ብሎ መፈለግ ነው፤ «ኤንድ» (AND) ሁሉም ያሉበትን ያመጣል። ማያያዣዎቹን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፏቸው።

ሁለቱን ማያያዣዎች ስትቀላቅሉ ቅንፍ የግድ ነው። ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሠራ፣ #3 ኤንድ #1 ኦር #2 ብትሉ ከኢትዮጵያ ጋር የሚጣመረው ወባ ብቻ ነው፤ ስለ እርግዝና የተጻፈው ሁሉ ከየትም አገር ይግተለተላል። ትክክሉ #3 ኤንድ (#1 ኦር #2) ነው።

ቁጥሩ ካልጣማችሁ «ዲቴይልስ» በሚለው ዓምድ ያለችውን ቀስት ተጫኑ። ፐብሜድ ቃላችሁን እንዴት እንደተረጎመው፣ የትኞቹን ተመሳሳይ ቃላትና የሜሽ (MeSH፣ ጽሑፎች በርዕሰ ጉዳይ የሚመደቡበት የቃላት ዝርዝር) መደቦች እንደጨመረበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ይህችን ቀስት ያልፋታል፤ ለእኛ ግን የገጹ ዋና ጥቅም እሷ ናት። ኮከብ (*) ወይም ትእምርተ ጥቅስ ያለበት ቃል ይህን ማስፋፊያ አያገኝም፤ ውጤት ድንገት ሲያንስ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት ማጣሪያ ነው። «የመጨረሻ 5 ዓመት» ብላችሁ የመረጣችሁት እስክታጠፉት ድረስ በቀጣዮቹ ፍለጋዎችም ላይ ይሠራል። በታሪኩ መስመር ላይ «ፊልተርስ» የሚል ካያችሁ ማጣሪያውን አንሡና ያንን ፍለጋ ድገሙት። ማጣሪያ የሚገባው ከተጣመረው የመጨረሻ ፍለጋ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚይዘው 100 ፍለጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አሮጌው ይወጣል። ለ8 ሰዓት ሳይነካ ከቆየ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። የአሳሻችሁ ኩኪ ከተዘጋም አይሠራም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት «ዳውንሎድ» ብላችሁ ሰንጠረዡን አውርዱ። በየጊዜው የምትደግሙትን ፍለጋ ፐብሜድን በሚያስተዳድረው ተቋም በኤንሲቢአይ (NCBI) ባላችሁ አካውንት በ«ክሪኤት አለርት» አስቀምጡት፤ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ በኢሜይል ይደርሳችኋል። በጥናቱ የዘዴ ክፍል ግን «#4» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቁጥሩ ነገ ሌላ ፍለጋ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን የፍለጋ ቃል፣ የውጤት ብዛቱንና የተፈለገበትን ቀን አስፍሩ።