ሁለት ትራክተር እንዴት ይወዳደራል? ፈረስ ጉልበቱን ተዉት

ትራክተር ልትከራዩ ስትሉ ደላላው መጀመሪያ የሚነግራችሁ ፈረስ ጉልበቱን ነው። «ይቺ 90 ናት፣ ያቺ 75።» እኔም አንዴ በዚሁ ቁጥር ተሸውጄ ትልቋን ወሰድኩ። የጎማዋ ጥርስ አልቋል፤ መረሬው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ደግሞ ገና ውሃ ይዟል። እዚያው እየተሽከረከረች ናፍጣዬን ጠጣችው። ጎረቤቴ በ75ቷ አርሶ ጨርሶ ቡናውን ሲጠጣ እኔ ግማሽ ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ አፈሩን እዩ። አንድ ስንዝር ቆፍሩና ከሥር ያለውን አፈር ጨብጡት። በጣቶቻችሁ መሃል እንደ ሊጥ ከተጠፈጠፈ ቆዩ። ገፋ ሲያደርጉት ፍርፍር ካለ ትራክተሩ ይምጣ።

ቀጥሎ 100 በ25 ሜትር የሆነ ቦታ ሁለት ቦታ ለኩ። ይህ ሩብ ሄክታር ነው፤ ብዙ ቦታ አንድ ጥማድ የምንለው። ሁለቱም ትራክተሮች በአንድ ዓይነት ማረሻና በእኩል ጥልቀት እንዲያርሱ አድርጉ። አለዚያ ውድድሩ ቀልድ ነው።

አሁን ዋናው ፈተና፣ የጎማ መንሸራተት። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ማረሻው ተነስቶ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ስንት ሜትር እንደተጓዘ ለኩ። ከዚያ ማረሻው መሬት ገብቶ እያረሰ ድገሙት። ባዶውን 46 ሜትር ሄዶ እያረሰ 40 ከሄደ፣ የጠፋው 6 ሜትር ነው፤ 13 በመቶ ገደማ። ይህ ደህና ነው። ከ15 በመቶ ብዙ ካለፈ ናፍጣችሁ ጎማ ማሽከርከሪያ ሆኗል ማለት ነው። ጥልቀቱን ቀንሱ፣ ወይም ጎማው ላይ ክብደት ይጨመር። ጭራሽ ካልተንሸራተተም አትደሰቱ፤ ትራክተሩ ከሥራው በላይ ከብዷል፣ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል።

ናፍጣውን ለመለካት ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁማችሁ የናፍጣ ታንከሩን እስከ አፉ ሙሉት። ሩብ ሄክታሩ ሲያልቅ እዚያው ቦታ መልሱትና በሊትር ምልክት ካለው ጄሪካን እንደገና ሙሉ። የገባውን በ4 አባዙ፤ የሄክታሩ ፍጆታ ይኸው። ሰዓትም ያዙ፣ የመዞሪያውን ጨምራችሁ። ኦፕሬተሩ ትንሽ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ማረሻውን አስነሱና ሞተሩን አጥፉ። ወዲያው ቁልቁል ከወረደ ማረሻውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ደክሟል። ብቻ እግራችሁን ከሥሩ አርቁ።

ለግቢና ለኳስ ሜዳ ሣር ሌላ ነገር ነው። ከ20 እስከ 30 ፈረስ ጉልበት፣ ጎማው ሰፋና ለስለስ ያለ ይበቃል። የእርሻው ትራክተር እርጥብ ሜዳ ላይ ቦይ ቀዶ ነው የሚሄደው። ማጨጃው ሣር ጎርሶ ሲታነቅ ግን ሞተር ሳታጠፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ሳትከቱ እጃችሁን አትስደዱ። ከትራክተሩ ኋላ ያለው፣ ማጨጃውን የሚያዞረው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ጋቢ ለብሳችሁማ አጠገቡም አትድረሱ።