የጄሪኮን የፈረስ ንድፍ እንዴት እናንብብ?

የፈረስ ሥዕል ፊት ስንቆም ዓይናችን ወዲያው ጋማውና ጡንቻው ላይ ይተከላል። ይተከል፣ ችግር የለውም። ግን የሮማንቲክ ዘመን (በአውሮፓ ሥነ ጥበብ ብርቱ ስሜትና ተፈጥሮ የገነኑበት ዘመን) ፈረስ ብቻውን አይቆምም፤ የሚይዘው፣ የሚያስቆጣው ወይም የሚያየው ሰው አለ። የፈረንሳዊውን የሠዓሊ የቴዎዶር ጄሪኮን (1791–1824) ሥራዎች ይዘን እንሞክር።

1. መጀመሪያ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ይወቁ።

ጄሪኮ እ.ኤ.አ. በ1817 ሮም ውስጥ የካርኒቫልን (ከዐቢይ ጾም በፊት የሚከበረውን የከተማ ፌስታ) የፈረስ እሽቅድምድም አየ፤ ትዕይንቱንም ደጋግሞ በተለያየ መልክ ሣለው። ጋላቢ የለም። ፈረሶቹ ከፒያሳ ዴል ፖፖሎ ተለቀው በኮርሶ መንገድ እስከ ፒያሳ ቬኔዚያ ይሮጣሉ። እንዲፈጥኑ ጀርባቸው ላይ የሚወጋ ነገር ይንጠለጠልባቸዋል። ይህን ካላወቁ ሥዕሉን «ነፃ ተፈጥሮ» ብለው ያልፉታል። ቁጣው ግን ለከተማ መዝናኛ ሲባል በሰው እጅ የተቀሰቀሰ ነው።

2. እጆችን ይከተሉ።

ጄሪኮ የመረጠው ሩጫውን ሳይሆን መነሻውን ነው፤ ባልደራሶቹ ፈረሶቹን ለመያዝ የሚታገሉበትን ደቂቃ። ጣትዎን በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ያስኪዱ። ማን ወደ ኋላ ተጎተተ? የማን እግር መሬት ለቀቀ? ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን ከተማ ባለው ሥራ ላይ የሰውና የፈረሱ አካል በአንድ ትግል ተጠላልፏል። ባልደራሱ ፈረሱን ያዘዋል፤ እሱንም የሚያዝዘው አለ። ያዛዡ ክብደት ግን ክንዱ ላይ አይወድቅም።

3. ገመድ ያልያዘውን ይፈልጉ።

ለእኔ ዋናው ደረጃ ይህ ነው። አሜሪካ፣ ባልቲሞር በሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ባለው የዚሁ ትዕይንት ሥዕል ከኋላ የተመልካች መድረክ አለ። ሰዎቹም የጄሪኮን ዘመን ልብስ ለብሰዋል። አደጋው ከፊት፣ ደስታው ከላይ። ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ባለው ሥዕል ላይ ግን ባልደራሶቹ የጥንት ሮማውያንን መስለዋል፤ ከተማዋም ጥንታዊ ሆናለች። ጥያቄው «ማን ለማን ይደክማል?» መሆኑ ቀርቶ «ሰውና ተፈጥሮ» ወደሚለው አዘነበለ። ሁለተኛው ያምራል። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የበለጠ ይናገራል።

4. መስመሩንና ጥላውን ይዩ።

በእርሳስ ንድፎቹ ላይ እርሳሱ የት ተጫነ? የት ሳሳ? ሠዓሊው ደጋግሞ የሠራው ቦታ ያሳሰበው ቦታ ነው።

5. ከሌላ ፈረስ ጋር ያወዳድሩ።

ጄሪኮ በ1821 ለንደን ላይ በድንጋይ ህትመት (ድንጋይ ላይ ሥሎ ወደ ወረቀት በማተም) ተከታታይ ሥዕሎች አወጣ። በአንዱ ላይ የድንጋይ ከሰል ጎታች ፈረሶች ጀርባቸውን ሰጥተውን አደልፊ ወደሚባለው ወደብ ጨለማ በር ይገባሉ። እዚህ የሚዘል፣ የሚያገሳ የለም። ጉልበታቸው የሮም ፈረሶችን ያህል፣ ምናልባትም የበለጠ ነው፤ ግን ተቀጥሯል። አብሯቸው የሚሄደው ሰራተኛም እንደነሱ ከጀርባ ነው የሚታየው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን አይደል? የለንደኑ ፈረስ ማድረስ ብቻ ቀርቶለታል።

6. አሁን ሐሳብዎን ይጻፉ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዩትን፣ በሌላው ከዚያ የተረዱትን ያስፍሩ። ለምሳሌ፦ «ሰውየው በሁለት እጁ ልጓሙን ይዟል፤ ተመልካቹ ተቀምጧል። ስለዚህ ፈረሱን መግራት የተመልካቹ ክብር፣ የባልደራሱ ግን ሥራ ነው።» «ፈረሱ የተጨቆነው ሕዝብ ነው» ብለው ለመዝለል አይቸኩሉ። እንዲህ ለማለት ከፈለጉ፣ የትኛው መስመር እንዳስባለዎት በጣትዎ ማሳየት አለብዎት። ማሳየት ካልቻሉ ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዙት።