አነስተኛ የቤት ኮምፒውተር እንዴት እንደሚገጣጠም

የኮምፒውተር ዕቃ ለብዙዎቻችን የሚደርሰን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። አልገጥም ያለውን መልሶ ማስለወጥ ስለማይታሰብ፣ ከባዱ ሥራ ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት ወረቀት ላይ ማለቅ አለበት።

በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን ይምረጡ። ለጽሑፍ፣ ለልጆች ትምህርትና ለቀላል ጨዋታ ከሆነ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ፣ ለብቻው የሚሸጥ የግራፊክስ ካርድ አያስፈልግዎትም። ለምሳሌ የኤኤምዲ ኩባንያው ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት ኮር (የሥራ ክፍል) አለው፣ ግራፊክሱም አብሮት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ጂ» ግን አይናቁ፤ 5600 ብቻ የሚለው ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል አያወጣም። በኢንቴል በኩል ስሙ በ«ኤፍ» የሚያልቀውም እንዲሁ ነው።

አሁን ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ወደሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ወደ ማዘርቦርዱ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። 5600ጂ የሚቀመጠው ኤኤም4 በተባለው ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) ላይ ነው፤ ራሙም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ዲዲአር4 የተባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤኤም5 ሶኬት የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። በኢንቴል ኤልጂኤ1700 ደግሞ ሶኬቱ አንድ ሆኖ አንዱ ቦርድ ዲዲአር4፣ ሌላው ዲዲአር5 ይፈልጋል። የሁለቱ ራሞች ቀዳዳ ቦታው ስለሚለያይ በግድ መጫን ቦርድ ከመስበር በቀር ፋይዳ የለውም።

ሶኬቱ ገጠመ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ቢ450 የተባሉት የኤኤም4 ቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ሲሆን 5600ጂ የመጣው በ2021 ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ቦርድ ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ሰውም ዕቃው ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የቦርዱን ስም ፈልገው፣ ፕሮሰሰርዎ ከየትኛው የባዮስ እትም ጀምሮ እንደሚሠራ ይመልከቱ። ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ በፍላሽ የሚያድስ ቁልፍ ያለው ቦርድ ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል።

የቦርዱን መጠን በተመለከተ፣ 17 በ17 ሳንቲሜትር የሆነው ሚኒ አይቲኤክስ ያምራል፤ ግን ውድ ነው፣ ለእጅም ይጠባል። እኔ ከእሱ የሚተልቀውን ማይክሮ ኤቲኤክስን እመርጣለሁ። ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ቦርዱንና የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቁመት መቻሉን ያረጋግጡ።

በፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪው ክፍል) አይቆጥቡ፤ ስሙ የታወቀ 450 ዋት ለዚህ ኮምፒውተር ይተርፋል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን ይዩ። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ካለውና 115 ላይ ከተተወ፣ የእኛ 220 ቮልት ሲነካው ወዲያው ይቃጠላል። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ማብሪያው የላቸውም።

መግጠሙ ቀላል ነው። የሶኬቱን ክንድ ያንሡ፣ በፕሮሰሰሩ ጥግ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከቦርዱ ምልክት ጋር ያገናኙ፤ 1,331 ቀጫጭን እግሮቹ በራሱ ክብደት ይገባሉ። ጣትዎ መጫን ከጀመረ አቅጣጫው ተሳስቷል። ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ይልቅ ሁለት ባለ 8 ይግዙ፤ ግራፊክሱ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ይፈጥናል። ቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ያስገቧቸው። ቦርዱን ከኬዙ ብረት የሚያርቁትን የነሐስ ብሎኖች ሳያስሩ ቦርዱን አያስቀምጡ።

ሲበራ ስክሪኑ ከጨለመ መጀመሪያ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ ስምንት እግር የኃይል ገመድ ይፈትሹ፤ ትልቁን ባለ 24 ሰክቶ ይህን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው።