ለታዳጊ ልጅዎ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች

የልጅዎ ሐኪም የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናን ጉዳይ ካነሣ፣ ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ይልቅ ብዙ የሚያሠራዎት ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከባድ ውፍረት ያለባቸው ልጆች ወደ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ተልከው እንዲገመገሙ አማራጩ ሊቀርብላቸው እንደሚገባ አስፍሯል።

በቅድሚያ የልጅዎ ቢኤምአይ፣ ማለትም የክብደቱና የቁመቱ ምጣኔ፣ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ቁጥሩ 40 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ አለዚያም 35 ደርሶ እንደ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለ ተጓዳኝ ሕመም ሲኖር ሕክምናው ይታሰባል፤ ለታዳጊዎች ዕድሜንና ጾታን ያገናዘበ ስሌት ስላለ ግን ቁጥሩ ከዚህ ያነሰ ልጅም ብቁ ሊሆን ይችላል።

በግምገማው ወቅት የሥነ ልቦና ባለሙያው ልጁን ለብቻው ማነጋገር ቢፈልግ አይቃወሙ፤ በወላጅ ጉትጎታ ብቻ እሺ ያለ ልጅ ለዓመታት የሚቆየውን ክትትል መጽናቱ ያጠራጥራልና። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ይጠይቁ እንጂ፣ ልጁ ስለ ገዛ ሰውነቱ የሚነገረውን እንዲያስተረጉም አያድርጉ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ስሊቭ የሚባለው ሲሆን፣ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። ስሊቭ ወይም ባይፓስ (ጨጓራውን አሳንሶ ምግቡ የአንጀቱን መጀመሪያ ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና) የተደረገላቸውን ታዳጊዎች የተከታተለው ቲን-ላብስ የተባለ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ10 ዓመት በኋላም ቢኤምአያቸው በአማካይ በ20 በመቶ ያህል ቀንሶ እንደቆየ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ዓመት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የብረት ክምችት ማነስ ታይቷል። የቪታሚን ቢ12፣ የብረት፣ የካልሲየምና የቪታሚን ዲ እንክብሎች ዕድሜ ልክ የሚወሰዱትም፣ የደም ምርመራው የማይቋረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛን ቤተሰቦች በተለይ የሚመለከተው ጾም ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በሌለበት የጾም ወቅት ፕሮቲንና ቢ12 ማሟላት ይከብዳል፤ በረመዳን ደግሞ በትንሽ በትንሹ ብቻ መጠጣት የሚችል ልጅ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ ሲቆይ ሰውነቱ ፈሳሽ ያጥረዋል። ጾሙ ከመድረሱ በፊት የሥነ ምግብ ባለሙያውንም፣ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማሙንም ያማክሩ።

ለሴት ልጅ፣ ርእሱ ቢያሳፍርም፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመፀነስ ዕድል ሊጨምር እንደሚችልና ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወራት እርግዝና እንደማይመከር ሐኪሟ በግልጽ ይንገራት። ኢቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎችን ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይስጡ። ትውከቱ አልቆም ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ የማያቋርጥ ትውከት የሚያስከትለው የቪታሚን ቢ1 እጥረት ነርቭንና አንጎልን ይጎዳል። ልጁ 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊትም ክትትሉን የሚረከበው የአዋቂዎች ክሊኒክ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ።