ልጅዎ አገር ቤት፣ እርስዎ ውጭ፦ ከፍቺ በኋላ የመገናኛ ጊዜን ማቀድ

ባልና ሚስት ተለያይተው አንዱ ውጭ አገር፣ ሌላው ከልጁ ጋር አገር ቤት ሲቀር ንግግሩ ሁሉ ወደ ቀለብ ያደላል። በወር ስንት ይላካል፣ በማን ስም፣ በየትኛው ባንክ የሚለው ተቆጥሮ ይጻፋል። ልጁ ከሩቁ ወላጅ ጋር መቼና እንዴት እንደሚገናኝ ግን «እንደዋወላለን»፣ «ስመጣ እወስደዋለሁ» ተብሎ ይታለፋል። ዓመት ሳይሞላ ስልኩ ይሳሳል፣ ቅሬታው ይበዛል፣ ልጁም የአባቱ ወይም የእናቱ ድምፅ እንግዳ ይሆንበታል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው በጽሑፍ የሰፈረ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ መነሣት ያለበት ደግሞ ከእርስዎ የዓመት ፈቃድ ሳይሆን ከልጁ ውሎ፣ ሳምንትና የትምህርት ዘመን ነው።

ወረቀቱ

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ ልጁ የሚኖርበትን ክልል ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዙ። በአዋጁ አንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤንነታቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሟላ፣ ወላጆችና ልጆች እንዴት እንደሚጠያየቁ አብሮ ይወስናል። ሲወስን የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር እንዲሁም የልጆችን ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። የመጠየቅ መብቱ የወላጅ ብቻ አይደለም፣ የልጁም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብቱን ያስከብርለታል። ከቀድሞ ባለቤትዎ ጋር ሲነጋገሩ ከ«የእኔ መብት» ይልቅ «የልጃችን መብት» ብለው ቢጀምሩ ብዙ ጠብ ይበርዳል።

በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ስምምነት መልካም ነው፤ እዚያ ላይ ግን አይቁም። በስምምነት ፍቺ ጊዜ ልጆችን የሚመለከተው ውል ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይጸድቃል፤ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ሆኖ ከተገኘም ፍርድ ቤቱ ያስተካክለዋል። ከጸደቀ በኋላ አንዱ ወገን ቢያፈርሰው አፈጻጸም መጠየቅ ይቻላል። ሽማግሌዎች የጻፉት ወረቀት ብቻውን ይህን ጉልበት አያገኝም።

በአካል መቅረብ ካልቻሉ በሚኖሩበት አገር ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይስጡ። አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል እንዲያልፍ ያድርጉ። «ስለ ልጄ ጉዳይ ሁሉ» የሚል ጥቅል ውክልና አይበቃም። በፍርድ ቤት መከራከር፣ መስማማትና መታረቅ፣ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ሐኪም ቤት መውሰድ እየተባለ በስም ይዘርዘር። ወኪሉን ሲመርጡ በጠቡ ውስጥ ያልገባ ሰው ይፈልጉ። ከልጁ እናት ጋር የማትነጋገር እኅትዎ፣ የቱንም ያህል ብትወድዎት፣ ለዚህ ሥራ አትሆንም።

ፍቺው ውጭ አገር ከተፈጸመ የዚያ አገር ፍርድ አገር ቤት ሲደርስ በራሱ አይሠራም። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከቻ ቀርቦ፣ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ይፈጽም እንደሆነና ሌሎችም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተቀመጡ ሁኔታዎች ይመረመራሉ። ጊዜ የሚወስድ ጉዳይ ስለሆነ ከመጓዝዎ ብዙ ወራት ቀደም ብለው ይጀምሩት።

የስልክ ጊዜ

ለብዙዎቻችሁ የወላጅነት ጊዜ ማለት በዋናነት ስልክ ነው፤ ስለዚህ እንደ ትርፍ ነገር አይታይ። አንድ የተለመደ እሑድ ልግለጽ። አባት ከዋሽንግተን ይደውላል። ስልኩን አያት ያነሳሉ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ አክስት፣ ከዚያ ለጥየቃ የመጣ ዘመድ። ስልኩ ልጅቷ እጅ ሲደርስ አባት ደክሞታል፣ ልጅቷም «አባዬ ሰላም ነህ? እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሰዋለች። ቤተሰቡ በሙሉ በፍቅር ነው ያደረገው፤ ልጅቷ ግን አባቷን አላገኘችውም። ለቤተሰብ ሌላ ቀን ይደውሉና የልጁን ሰዓት ለልጁ ብቻ ይተዉ።

በስምምነቱ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ «አባት ዘወትር ረቡዕና እሑድ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11፡00 እስከ 11፡30 ይደውላል። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ቤት እንድትሆንና ስልኩን ራሷ እንድታነሣ እናት ታመቻቻለች። ኔትወርክ ከተቋረጠ በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይደወላል።» ከቀኑ 11፡00 ልጅ ከትምህርት ቤት የተመለሰበት፣ መክሰሱን የበላበት፣ ገና ያልደከመበት ሰዓት ነው። በፈረንጆች ሰዓት አቆጣጠር በዋሽንግተን ይህ በበጋቸው ከጠዋቱ 10፡00፣ በክረምታቸው 9፡00 ይሆናል፤ በስቶክሆልም ከሰዓት በኋላ 4፡00 ወይም 3፡00 ነው፤ ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካና አውሮፓ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ኢትዮጵያ አትቀይርም። ስለዚህ የሚስተካከለው የእርስዎ ማስታወሻ እንጂ የልጁ ሰዓት አይሁን። በስምምነቱ ላይ የየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ «3 ሰዓት» የሚለው ብቻ ሁለት ቤተሰብ ያጣላል።

በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እናት ስልኳን የምታገኘው አሠሪዎቿ በፈቀዱላት ጊዜ ሊሆን ይችላል። እርሷ በየቀኑ እደውላለሁ ብላ ቃል ከምትገባ እርግጠኛ የሆነችበትን አንድ ቀን ትምረጥ፤ በሌሎቹ ቀናት በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ትላክ። ልጅ የተቀዳ ድምፅን ደጋግሞ ይሰማል። የተሰበረ ቀጠሮ ግን ይቆረቁረዋል።

ሲመጡ

የአገር ቤት ትምህርት ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ብዙ ሰው ለፈረንጆች ገና ፈቃድ ወስዶ ሲመጣ ልጁ ትምህርት ላይ ነው፤ በጥር ደግሞ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ይደርሳል። በዚህ ወቅት ልጁን ላንጋኖ ወይም ጎንደር ልውሰድ ማለት ከትምህርቱ መንጠቅ ነው። ረጅሙን ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያድርጉት። ፈቃድዎ በታኅሣሥ ብቻ ከሆነ ከልጁ ጋር የሚሆኑት ከትምህርት ቤት ሰዓት ውጭና ቅዳሜና እሑድ ይሁን፤ ጠዋት ይዘውት ይሂዱ፣ መምህሩን ያነጋግሩ፣ ደብተሩን አብረው ይዩ። በዓላትን በየተራ ይካፈሉ፦ ዘንድሮ ገና ከእናት ጋር፣ ፋሲካ ከአባት ጋር ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጥ። ለሙስሊም ቤተሰብ የኢድ ቀን በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ በቀን ቁጥር ሳይሆን በበዓሉ ስም ይጻፍ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስፍሩ። «ጥር 15» ሲባል አንዱ ወገን የኢትዮጵያን፣ ሌላው ጃንዋሪን ካሰበ የስምንት ቀን ያህል ልዩነት ይፈጠራል፤ ትኬቱም ከዚያ በኋላ ነው የሚቆረጠው።

ለረጅም ጊዜ ያላየዎትን ትንሽ ልጅ በመጡበት ማታ ወደ ሆቴል አይውሰዱት። መጀመሪያ በሚያውቀው ቤት፣ አሳዳጊው ባለበት፣ ከዚያ ለጥቂት ቀናት በቀን ብቻ፣ ሲለምድዎት ደግሞ እንዲያድር ይደረግ። ቀደም ሲል በቤቱ ውስጥ ድብደባ ወይም ዛቻ ከነበረ ይህ ሁሉ በፍርድ ቤት ትእዛዝና ሦስተኛ ሰው ባለበት ሊሆን ይገባል።

ቀለብና መገናኘት አይያያዙ። ገንዘቡ ዘገየ ተብሎ ስልክ መከልከል፣ ስልክ አልተነሣም ተብሎ ገንዘብ ማቆም ሁለቱም የሚጎዱት ልጁን ነው። በየወሩ ሲልኩ «የጥቅምት ወር የልጅ ቀለብ» ብለው ይጻፉበት፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

ልጁ ድንበር ሲሻገር

ልጁ ወደ እርስዎ ለእረፍት የሚመጣ ከሆነ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ የሚያርፍበት አድራሻ፣ ፓስፖርቱን ማን እንደሚይዝ ይጻፍ። አሜሪካዊ ዜግነት ላለው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ለማውጣት በመደበኛነት የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ይጠየቃል። ውጭ አገር የሚያድግን ልጅ «ለእረፍት» ብሎ ኢትዮጵያ ወስዶ ማስቀረት ግን ከባድ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሄግ የልጆች ጠለፋ ስምምነት አባል ስላልሆነች በዚያ መንገድ ልጁን ማስመለስ አይቻልም፤ የሌላው ወላጅ ተስፋ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ነው። ልጁ የተወሰደው ከአሜሪካ ከሆነ ያስቀረው ወላጅ ወደዚያ ሲመለስ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ እስከ 3 ዓመት እስራት ሊጠብቀው ይችላል።

ልጁን የሚያሳድጉት አያት ከሆኑ እርሳቸውንም በስምምነቱ ውስጥ ያስገቡ። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚቀበሉት ወረቀት በእጃቸው ይኑር፤ ፕሮግራሙንም በሚገባቸው ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ይስጧቸው። ሦስት ዓመት ለሆነው ልጅ የተሠራ ፕሮግራም ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለማይሆን፣ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ፣ የቀጣዩ ዓመት ምዝገባ ሳይጀመር፣ የሚከለስበትን ቀን ስምምነቱ ላይ ያስፍሩ። ከፍ ያለውን ልጅ ራሱን ይጠይቁት፤ የተስማማችሁበትን ለውጥም ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ አስጸድቁት።