ዴሞክራሲን፣ ሕዝበኝነትንና የባህሎች ምክክርን ለማጥናት ከስድስት ኪሎ እንዴት ይጀመራል?

በመጀመሪያ ጥያቄዎን ያጥብቡ። «ዴሞክራሲ በኢትዮጵያ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ «በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክር ተከራካሪዎቹ ‹ሕዝብ› ሲሉ ማንን ማለታቸው ነበር?» የሚለው ግን በአንድ የማስተርስ ጽሑፍ ሊመለስ ይችላል፤ አማካሪ ለማግኘትም ያግዛል።

ቀጥሎ ቃላትዎን ይፈትሹ። ብዙ ጀማሪዎች በጥድፊያ የሚያልፉት፣ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው ይህን ሥራ ነው። ሆላንዳዊው ምሁር ካስ ሙዴ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ትርጓሜ፣ ሕዝበኝነት ኅብረተሰቡን ንጹሕ ሕዝብና ብልሹ ልሂቃን ብሎ ለሁለት የሚከፍልና ፖለቲካ የሕዝቡ የጋራ ፈቃድ መግለጫ መሆን አለበት የሚል አስተሳሰብ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ በብዙ ቁጥር ይጀምራልና፣ እዚህ አገር «ሕዝቡ» የሚባለው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ትርጓሜውን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። የባህሎች ምክክርን ለሚያጠና ሰው ደግሞ ውይይት፣ ምክክር፣ ድርድርና ሽምግልና አንድ አይደሉም፤ ድርድር ሰጥቶ መቀበልን፣ ሽምግልና ደግሞ የሽማግሌ መካከል መግባትን ይጠይቃል። «ውይይት» ሲሉት የቀበሌ ስብሰባ ትዝ የሚለው መረጃ ሰጪም አያጡም። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1265/2014 ከእነዚህ ቃላት የመረጠው «ምክክር»ን ነው፤ ምርጫው ራሱ ሊጠና ይችላል።

ስለዚህ መጠይቅዎን በአማርኛ አዘጋጅተው ወደ ኦሮምኛ ካስተረጎሙ በኋላ፣ የአማርኛውን ቅጂ ያላየ ሰው ወደ አማርኛ መልሶ እንዲተረጉመው ያድርጉ፤ ልዩነት የታየበትን ጥያቄ ይጣሉት ወይም እንደገና ይጻፉት።

ለሰነድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል፤ የቆዩ ጋዜጦችን በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ይፈልጉ፤ ለንባብ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ምቹ ነው። የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተርም እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከትምህርት ክፍልዎ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ በብዛት ይያዙ፤ አንዱ ቢሮ ሲያስቀረው ለሌላው ባዶ እጅዎን እንዳይቀሩ።

ከማስተርስ በኋላ ዶክትሬት፣ ከዚያ ከረዳት ፕሮፌሰርነት እስከ ፕሮፌሰርነት ያለው መንገድ በማስተማርና በኅትመት ይለካል። ክፍያ ተቀብሎ ያለ ግምገማ በሳምንት ከሚያትም ጆርናል ይራቁ።

ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ። ስለ ፖለቲካ የሚናገርን ሰው ፒያሳ ካፌ ውስጥ መቅዳት ጎረቤት ጠረጴዛን መጋበዝ ነውና ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጉ፤ የመረጃ ሰጪዎቹን ስም የያዘውን ዝርዝር ከድምፅ ቅጂው ለይተው ይቆልፉበት።