በየቀኑ አስፕሪን ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ፣ «ለልብ ጥሩ ነው» ተብሎ ሳይታዘዝለት አስፕሪን የሚውጥ ሰው አይጠፋም። አስፕሪን ግን ቫይታሚን አይደለም፤ ደም ያደማል።

በመጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ፦ የልብ ደም ስር ተዘግቶብዎት፣ በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ይዞዎት ወይም ስቴንት (የጠበበ ደም ስር ክፍት እንዲሆን የሚገባ ትንሽ ቱቦ) ገብቶልዎት ያውቃል? አዎ ከሆነ ሐኪም ያዘዘልዎትን (ብዙ ጊዜ በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም) በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። ስቴንት ያለበት ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ስቴንቱ ሊደፈን ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ምክር እንዲህ ያለ ሕመም ይዟቸው ለማያውቁ ነው።

አስፕሪን ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያደርጋል። አንዴ የታገደ ፕሌትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ፣ ሥራውን አይሠራም። የልብ ደም ስር እንዳይዘጋ የሚረዳው ይኸው ነገር፣ የጨጓራ ቁስል መድማት ሲጀምር ደሙ ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል።

ጥቅሙና ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚቀራረብ የሚያሳየው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አሴንድ የተባለው ጥናት ነው። ከ15 ሺህ በላይ የስኳር ሕመምተኞች ከ7 ዓመት በላይ ታዩ። ከባድ የልብና የደም ስር ችግር የደረሰባቸው አስፕሪን ከወሰዱት 8.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 9.6 በመቶ ነበሩ። ከባድ መድማት የደረሰባቸው ደግሞ ከወሰዱት 4.1፣ ካልወሰዱት 3.2 በመቶ። ከ1,000 ሰው 11 ሲተርፉ 9 ደሙ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በወጣው አስፕሪ በተባለው ጥናት፣ አብዛኞቹ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ጤነኛ ሰዎች ላይ፣ መድማቱ ጨመረ እንጂ ልብን የጠበቀበት ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና መመሪያ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለመከላከል ብሎ እንዳይጀምር ይመክራል። ከ40 እስከ 59 ላለው ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ በልብና በደም ስር ሕመም የመያዝ ዕድሉ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ይወስን ይላል።

ይህን ዕድል ጤና ጣቢያ ሄደው ማስላት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ ያዘጋጀው ሰንጠረዥ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ማጨስን፣ ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን ይጠይቃል። የኮሌስትሮል ምርመራ ከሌለ በክብደትና በቁመት የሚሠራም አለ። ግፊትዎን ሲለኩ 5 ደቂቃ ያህል አርፈው ይቀመጡ፤ ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ በሌላ ቀንም ይድገሙት። ከ140/90 በላይ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ እሱ ይውረድ። ግፊት ሳይወርድ አስፕሪን መጀመር የአንጎል ደም መፍሰስን መጋበዝ ነው። ለብዙ ሰው ደግሞ ግፊትን ማውረድና ሲጋራ መተው ከአስፕሪን ይልቅ ልብን ይጠብቃል።

ከዚያ ጨጓራ። ጨጓራ እያቃጠለው በኦሜፕራዞል ብቻ የሚያባብል ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን በቀላሉ አይለፉት። ቁስል ኖሮዎት ወይም ደም አስመልሶዎት የሚያውቅ ከሆነ ለመከላከል ብለው አይጀምሩ። የሚያቃጥል ብቻ ከሆነ የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) ምርመራ ያድርጉ፤ ከተገኘ መድኃኒቱን ይጨርሱ። «የተሸፈነ ነው፣ ጨጓራ አይነካም» በሚባለው ኪኒን አይተማመኑ፤ መድኃኒቱ ጉዳቱን የሚያደርሰው ደም ውስጥ ገብቶም ጭምር ነው።

የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ለሐኪሙ ያሳዩ። ለወገብና ለጉልበት የሚገዙት ዳይክሎፌናክ ከአስፕሪን ጋር ሲሆን የመድማት አደጋውን ያንረዋል። አይቡፕሮፌን ደግሞ ቀድሞ ከተወሰደ አስፕሪኑን ሥራ ያስፈታዋል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ፣ አስፕሪን አስሙን የሚያስነሳበት፣ አረቄ የሚያዘወትር ሰው፣ ሐኪም ካላዘዘለት በቀር ባይነካው ይሻላል።

ሐኪምዎ ጀምሩ ካለዎት በቀን አንድ 81 ሚሊ ግራም፣ ከምግብ በኋላ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት። በጾም ወቅት ወደ ራት ማዞር ይችላሉ፤ ለሥራው ጠዋትና ማታ ልዩነት የለውም። አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ ሁለት አይውሰዱ። ለራስ ምታት የሚሸጠው 300 ወይም 500 ሚሊ ግራም ነውና ከእሽጉ ላይ ያንብቡ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ኪኒን እርጥበት ገብቶት ተበላሽቷል፤ ይጣል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተለጠፈ ወይም ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ ሆስፒታል የሚኬደው በዚያው ሰዓት ነው።

አፉ በድንገት ለተጣመመ፣ አንድ ጎኑ ለዛለ ሰው ቤት ውስጥ አስፕሪን አይሰጥም፤ ደም ረግቶበት ይሁን አንጎሉ ውስጥ ፈስሶ ያለ ሲቲ ስካን አይለይም። ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ላብ ላጠመቀው አዋቂ ግን፣ አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ከሌለበት፣ አራት ባለ 81 ፍሬ አኝኮ እንዲውጥ ያድርጉና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።